ጥሩምባ ነፊውን ማን ይክሰስ

የካቲት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታላቅ እህቴ የውብዳር ሳትዋሽ «ዋሽቻለሁ» ብላ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ሰዓቱን የያዝኩት ጣቷ ቀለም ሲነካ ላለማየት ብዬ የእጅ ሰዓቴ ላይ አፍጥጬ ስለነበር ነው።

ደሴ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ቤቱ ሲሆን አፉ የማያርፍ፣ ስብሰባ ላይ ግን አንገቱን የሚደፋ ሰው ሲያጋጥም የሚባል አንድ አባባል አለ። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ለጓደኛው ሲናገረው ሰማሁ። «የማን አባባል ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «የድሮ ነው እማማ፣ የአባቶች ነው» አለኝ። የድሮ አይደለም። የተባለበትን ግቢ አውቃለሁ። የተባለባቸውንም ሰዎች አውቃለሁ፤ ግማሾቹን ቀብሬአለሁ። አባባሉን ለመጨረሻ ላቆየውና ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ግቢው ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአንድ ረድፍ ያሠራቸው ጠባብ ጠባብ ክፍሎች አሉት፤ ቧንቧው አንድ፣ ማድቤቱ አንድ፣ በሩም አንድ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ከሦስት ቤት ወዲያ «ይማርህ» ይባላል። እህቴ ባሏ ከሞተ በኋላ እዚያ ገባች። ልጅ አልወለደችም። እኔ ጋ ነይ ብላትም «የእህት ቤት ለሦስት ቀን ነው» አለችኝ። ስለዚህ እኔ ነበርኩ በየሳምንቱ እየሄድኩ ልብሷን የማጥብላት፣ ፀጉሯን የምሠራላት። የግቢውን ነገር የማውቀው በዚህ ነው።

እኛ አገር ዕድሩን ቅሬ ነው የምንለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሩምባ ነፊ መንደሩን እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይጠራል፤ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ልጅና ወንድም ያለው ሰው ባይነፋለትም ወገኑ ይሰበስብለታል። እነዚያ አረጋውያን ግን ከጥሩምባው ሌላ ሰብሳቢ የላቸውም። ሳይነፋላቸው መሞትን ከሞት ይልቅ ይፈሩት ነበር። ማታ ማታ ሲጨዋወቱ እንኳን «የእገሌ ቀብር ሰው ሞልቶት ነበር»፣ «የእገሊት ቀብር ቀዝቃዛ ነበር» እያሉ ነው።

ጥሩምባ ነፊው ደግሞ እዚያው ግቢ፣ ከእህቴ በግራ በኩል ይኖር ነበር። ጋሽ ባንተይርጋ ይባላል። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር የሚሰማ። ክፉ ሆኖ ነው የተወለደው አልልም። ለሰው ሁሉ ይነፋል እንጂ እሱን በበዓል እንኳ መጥቶ የሚጠይቀው ዘመድ አይቼ አላውቅም። ግን ከቀብር ሲመለስ አረቄ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው፤ ያኔ ግቢው የሱ ነው። ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲሰለፍ ቧንቧው ሥር ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። ማድቤት ገብቶ የተጣደውን ድስት አውርዶ የራሱን ይጥዳል። የሰውን በር በጥሩምባው ጫፍ ይቀጠቅጣል። ዳቦ የገዛ ቁራሽ፣ ስኳር ያገኘ ስኳር ይወስድለታል። ማንም አምጡ አላላቸውም። ብቻ ሁሉም ያመጣል።

ከሁሉ የከፋው በአያ ይመር ላይ የሚያደርገው ነበር። አያ ይመር ዓሊ ከእህቴ በቀኝ በኩል የሚኖሩ፣ በደህና ጊዜያቸው ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ተሸክመው በየገበያው ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ ሳንባቸውን አሟቸው ተኝተው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ባንተይርጋ እየተንገዳገደ መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። ጥሩምባውን ወደ ውስጥ አዞረና አንድ ጊዜ አንባረቀው። ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«አያ ይመር! ልለማመድልህ ብዬ ነው! ያንተ እንዲህ ነው የሚሆነው። እስኪ ንገረኝ፣ ወፈረ ወይስ ቀጠነ?»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ሳሉ ሲቆም፣ «ጥሩ ነው» አሉ አያ ይመር። «አላህ ይስጥህ።» ከዚያ ከራስጌያቸው ያለውን ዳቦ አወጡለት።

እህቴ በሯ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ከአያ ይመር ቀጥላ የምትኖረው እትዬ ጌጤ፣ የማድቤቱ ወሬ ሁሉ እሷ ጋ የሚያድርላት ሴት፣ ባንተይርጋ እስኪሄድ ጠብቃ ወጣች።

«ኧረ የዚህስ ጥጋብ ልክ አጣ!» አለች በሹክሹክታ። «ስሙ ባንተይርጋ፤ እሱ ባለበት የሚረጋ ነገር አይቼ አላውቅም። ንገሪልን እንጂ የውብዳር፣ አንቺ አፍ አለሽ።»

«ያንቺ አፍ የት ሄደ?»

«እኔማ የልብ ሕመምተኛ ነኝ እህቴ፤ ዛሬ ነገ ነው የምሞተው። እሱን አስቀይሜ?»

ማኅበሩ ግቢውን እንድትከታተል የመደባት ሠራተኛ ሰዓዳ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ግን ትዕግሥተኛ። በመጣች ጊዜ እህቴ ሁሉን ነገረቻት። ሰዓዳ ሰምታ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«እማማ የውብዳር፣ ክፉ ነው ቢሉኝ ምንም ማድረግ አልችልም። ምን አደረገ? በየትኛው ቀን? ማን አየ? እሱን አስጽፈው ይስጡኝ። ከዚያ መጥቼ ሁሉንም ፊት ለፊት እጠይቃለሁ።»

ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ሰይጣን ነው ብለሽ ጀምሪ» አለች እህቴ።

«እታለም፣ የሠራውን ነው ያለችሽ እንጂ ማንነቱን አይደለም።»

«የሠራውማ የሰይጣን ሥራ ነዋ!»

«ማን አየ ብትልሽስ? ሰይጣንን ያየ ምስክር ከየት ታመጫለሽ?»

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። ከዚያ ረጋ ብላ አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አያ ይመር በር ላይ ነፋ፤ እትዬ ጌጤ አይታለች። ሐሙስ ጠዋት የእትዬ ጌጤን ድስት ከነምስሩ ደፋ፤ አቶ ጫኔ ማድቤት ነበሩ። ዓርብ ቧንቧውን ይዞ ሰው አላስቀዳም፤ ሁሉም አይቷል።

«አያ ይመር ያለቀሱትን ጻፊ» አለች።

«አለቀሱ እንዴ?»

«እሱ ከሄደ በኋላ። በግድግዳው ሰማኋቸው።»

ጻፍኩ። እጄን ያዘችኝ።

«እሱን ሰርዢው ዘኑ። ሰው ፊት ሲነበብ ያፍራሉ።»

«ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው እኮ!»

«ቢሆንም። እንባቸው የኔ አይደለም። ሰርዢው።»

ሰረዝኩት። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረች የእያንዳንዱን ስም እንዳስጻፈች ነገረቻቸው። ሁሉም «እንመሰክራለን» አሉ። እትዬ ጌጤ በማርያም ማለች። አቶ ጫኔ ደግሞ «እኔ ብቻዬን እበቃዋለሁ!» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

የካቲት 11 ቀን ስብሰባው ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ሆነ። ሰዓዳ መጣች። የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስም ጥሩምባ ነፊው የቅሬው ሰው ስለሆነ መጡ፤ ዱዓ አድርገው ከፈቱት፤ ሁሉም «አሜን» አለ። ባንተይርጋ ከሁሉ በኋላ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ኮት ለብሶ መጣ። ጥሩምባውን በጨርቅ ወልውሎት ነበር። ተቀመጠና ጭኑ ላይ አጋደመው፤ አፉን ወደ ነዋሪዎቹ አዞረው። ሌላ ምንም አላደረገም።

ሰዓዳ ወረቀቱን አነበበች። መጀመሪያ እትዬ ጌጤን ጠየቀች።

«ጋሽ ባንተይርጋ?» አለች ጌጤ። «ኧረ እሱ የግቢያችን ምሰሶ ነው!»

«ድስትዎን ደፍቷል ተብሏል።»

«ድስቱ...» ጌጤ ጥሩምባውን አየች። «ድስቱ ራሱ ነው የተንጋደደው ልጄ። ጉልቻው ልክ አይደለም። ስንት ጊዜ አሠሩልን ብለናል።»

አቶ ጫኔ ያን ቀን ዓይናቸውን አሟቸው ስለነበር ማድቤት ውስጥ ማን እንደነበረ እንዳልለዩ ተናገሩ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተነሥተው «ሰላም ነን»፣ «ተመስገን ነው»፣ «ምን ችግር አለ» እያሉ ተቀመጡ። አንዷማ ባንተይርጋን መረቀችው።

በመጨረሻ ሰዓዳ አያ ይመር ወደ ተጋደሙበት ምንጣፍ ሄዳ ተንበረከከች። ፀሐይ እንዲሞቃቸው አውጥተዋቸው ነበር።

«አባባ ይመር፣ በርዎ ላይ እየመጣ ይነፋብዎታል?»

አያ ይመር ቀና ብለው ጥሩምባውን አዩት።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አሉ።

«ይረብሽዎታል ወይ ነው የምጠይቅዎ።»

«ደረቱ ጠንካራ ነው» አሉ። «ሩቅ ይሰማል።»

እኔ አላስችል አለኝ። «በዓይኔ አይቻለሁ!» ብዬ ተነሣሁ። ሰዓዳ በትሕትና አስቀመጠችኝ። «እርስዎ የግቢው ነዋሪ አይደሉም፤ ደግሞም እህቷ ነዎት። ምስክርነትዎ አይያዝልኝም።» እውነቷን ነው፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

ባንተይርጋ ያን ጊዜ ተነሣ። «እኔ ይቅር ብያታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ብቸኝነት ነው እንዲህ የሚያደርጋት። ባል የላት፣ ልጅ የላት።»

የማኅበሩ ደንብ ግልጽ ነበር። ነዋሪን በሐሰት የከሰሰ ሰው ማስጠንቀቂያ ይፈርማል፤ ሁለተኛ ጥፋት ከተገኘበት ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ሰዓዳ ፊቷ ጠቁሮ ወረቀቱን አቀረበች። እህቴ ማንንም ሳታይ ፈረመች።

ሰው ሲበተን ባንተይርጋ አጠገቧ አለፈ። «እንግዲህ የውብዳር፣» አላት፣ «ባንቺ ቀን ጥሩምባዬን ጉንፋን ይይዘዋል።»

«ሞቼማ አልሰማህ» አለችው። «እኔን የቸገረኝ በቁሜ መስማቴ ነው።»

ማታውን እትዬ ጌጤ በማድቤቱ ጓሮ ዞራ መጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አፌ ላይ ነበር እኮ የውብዳር፤ ወላዲቱን፣ አፌ ላይ ነበር። ያ ነገር አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ጊዜ ቀብሬ ታየኝ።»

እህቴ «ጉልቻሽ ተስተካከለ?» አለቻትና በሯን ዘጋች።

ከዚያ ቀን በኋላ ባንተይርጋ ባሰበት። አያ ይመር በር ላይ መንፋቱን የዘወትር ጨዋታው አደረገው። እህቴ መናገር አልቻለችም፤ አንድ ነገር ብትናገር የሚመሰክርላት የለም፤ ካልመሰከሩላት ክፍሏ ይሄዳል። ያደረገችው ነገር ቢኖር እሱ ሲመጣ ወጥታ በአያ ይመር በርና በጥሩምባው መካከል መቆም ነው። ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ ዝም ብላ ትቆማለች። አንዳንድ ቀን እሷው ጆሮ ላይ ይነፋና ይሄዳል። ግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲያ ደህና አልነበረም።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት አያ ይመር ዐረፉ። ልብስ ላጥብ በመጣሁበት ሰዓት ነበር። በእስልምና ሥርዓት ሬሳ አይቆይም፤ ከዙህር ሶላት በኋላ መቀበር ነበረባቸው። ለሸህ እንድሪስ ሰው ተላከ። ነዋሪው ሁሉ ባንተይርጋ በር ላይ ተሰበሰበ። ትናንትና አንድ ቀብር ውሎ፣ አረቄውን ጠግቦ፣ ከውስጥ ቆልፎ ተኝቷል። ጥሩምባውም ከሱ ጋር ውስጥ ነው።

«ጋሼ! ጋሽ ባንተይርጋ! አያ ይመር ዐርፈዋል!» አለች እትዬ ጌጤ በሩን እየደበደበች።

«ነገ...» የሚል ድምፅ መጣ። «ነገ ይድረስ።»

«ነገማ ምኑ ነው የሚደርሰው! ዛሬ ነው የሚቀበሩት!»

ከዚያ የተሰማው ማንኮራፋት ብቻ ነው። ከሁሉ አብልጠው ዳቧቸውን የሰጡት፣ «ድምፁ ጥሩ ነው» ብለው የመሰከሩለት ሰውዬ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ማንም ሳይሰማ ሊቀበሩ ነው። ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። አሁን ሳስበው ለራሳቸውም ያለቅሱ ነበር።

እህቴ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ነበር።

«ወዴት ነው እታለም?»

«ልጠራቸው።»

«በምን?»

«በአፌ።»

ሴት ልጅ ቅሬ ስትጠራ በእኛ ሰፈር ታይቶ አያውቅም። በግቢው በር ወጥታ ቁልቁለቱን ያዘችው፤ እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ።

«የቅሬ ሰዎች!» ብላ ጮኸች። «አያ ይመር ዓሊ ዐርፈዋል! ቀብራቸው ከዙህር በኋላ ነው! ባና ሻጩ አያ ይመር! የቅሬ ሰዎች!»

ሰው ከየበሩ ብቅ አለ። አንዳንዱ ያበደች መስሎት ልጁን ወደ ውስጥ ሳበ። እኔ አፈርኩ፤ እንኳን ያኔ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

«እታለም፣ እባክሽ፤ ሰው ምን ይላል?»

«‹ማን ሞተ?› ይላል!» አለችኝ ዞራ። «ይበል እንጂ! እሱን እንዲል አይደል የወጣሁት?»

ታች ሰፈርን ጨርሳ ላይ ሰፈር ስትወጣ ድምፏ ተዘግቶ ነበር። የመጨረሻውን መንደር እሷ በእጇ እያጨበጨበች፣ እኔ እየጮህኩላት አዳረስነው። አዎ፣ እኔም ጮኽኩ። ሰዎች መጡ። ባና ገዝተዋቸው የነበሩ መጡ፤ ሴትዮዋ የጮኸችለት ሰው ማን ነው ብለው የመጡም ነበሩ። የመካነ መቃብሩ በር ላይ ሰው በሰው ላይ ይጋፋ ነበር። እህቴ ሴቶቹ ተቀምጠው ከሚያለቅሱበት ድንኳን ሆና ውሃ በማር ትጉመጠመጥ ነበር።

ባንተይርጋ ሲነቃ ቀብሩ አልቋል። አላፈረም፤ ተናደደ። በማግሥቱ ማኅበሩ ቢሮ ሄዶ ከሰሳት። «ያለ ቅሬው ፈቃድ በመንደሩ እየጮኸች ሰላም አደፍርሳለች፤ ጥሩምባዬን መሳቂያ አድርጋለች» አለ። ሰዓዳ ክሱን ተቀበለች። ያንዱን ሰምቶ ያንዱን መተው አይሆንማ። ግን ይህ በእህቴ ስም የሚያዝ ሁለተኛ ነገር ነበር።

ስብሰባው የተጠራ ዕለት ክፍሏ ስገባ ዕቃዋ ሁሉ በሁለት ማዳበሪያ ታስሮ፣ አልጋዋ ተገፍፎ አገኘሁት።

«ገና ሳይፈረድ?» አልኳት።

«ስፈርም እንዳላለቅስ ነው» አለች። ድምፏ ገና አልተከፈተም ነበር። «አሁን ካሰርኩት ያኔ የሚቀረኝ መውጣት ብቻ ነው።»

እንደገና ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ። የአያ ይመር ምንጣፍ የነበረበት ቦታ ማንም አልተቀመጠበትም። ባንተይርጋ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሱን ተናገረ። ሥርዓት እንዳለ፣ ቅሬ በሴት አፍ እንደማይጠራ፣ ሰፈሩ እንደተረበሸ።

«እማማ የውብዳር፣ ጮኸዋል?» አለች ሰዓዳ።

«ጮኼአለሁ።»

«ለምን?»

«ጥሩምባው ተኝቶ ነበር።»

«አሞኝ ነበር!» አለ ባንተይርጋ።

ሰዓዳ ወደ ነዋሪዎቹ ዞረች። «ባለፈው ጠይቄያችሁ ‹ሰላም ነን› ብላችሁኛል። በዚያ ቃል እኚህን እናት አስፈርሜአለሁ። ዛሬም ‹ሰላም ነን› ካላችሁኝ ከክፍላቸው ይወጣሉ። ጋሽ ባንተይርጋ ያን ቀን አሟቸው ነበር?»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዷ የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ያዘች። በተከፈተው በር የእህቴ ሁለት ማዳበሪያዎች ይታያሉ፤ ሁሉም እነሱን ላለማየት ወደ ሌላ ይመለከታል። እህቴ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ማንንም አልለመነችም።

እትዬ ጌጤ ደረቷን በእጇ ደግፋ ተነሣች።

«ልጄ፣ ሰላም አይደለንም» አለች።

«ጌጤ!» አለ ባንተይርጋ።

«ዝም በል! ስኳሬን ስሰጥህ የከረምኩት ስሞት እንድትነፋልኝ ነበር። አያ ይመር ከኔ በላይ ሰጥቶህ ነበር፤ የነፋህለት በቁሙ ነው! ድስቴንም አንተ ነህ የደፋኸው። ጉልቻው ምንም አልሆነም!»

ከዚያ ማን ያስቁማቸው። ድፍን ግቢው በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ቧንቧው፣ በሩ፣ ዳቦው፣ ስድቡ። አቶ ጫኔ ዓይናቸው ድኖ ማድቤት ውስጥ ያዩትን ሁሉ ዘረገፉ፤ ከመካከል «የኔ ዶሮስ?» ብለው ሲጨምሩ፣ «ዶሮህን እንኳ የበላት ድመት ናት፣ እሱን ተወው!» የሚል ከኋላ መጣ። ድፍረት አልለውም። ፈርተው ሲከፍሉ የኖሩበት ነገር እንደማይደርሳቸው ስላዩ ነው የተናገሩት። ቢሆንም ተናገሩ።

ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉ። «ባንተይርጋ፣ ጥሩምባውን አምጣው። የቅሬው ነው።»

ባንተይርጋ ጥሩምባውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ያ ሰፊ ደረት የጎደለ መሰለ።

«እኔስ?» አለ። «እኔ ስሞት ማን ይነፋልኛል?»

የሳቀ የለም። እህቴ በተዘጋ ድምፅዋ መለሰችለት፦

«እኔ ጉሮሮ አለኝ። እጮህልሃለሁ።»

አልደረሰላትም። እሱ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ክፍሉን አልተነጠቀም፤ አረቄውን ግን በግቢው ውስጥ እንዳይጠጣ ፈርሞ በግቢው በር አጠገብ ወዳለው ክፍል ተዛወረ። ሰዓዳ የእህቴን ማስጠንቀቂያ ሰረዘችው። እህቴ ማዳበሪያዎቿን ፈትታ አልጋዋን አነጠፈች፤ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ውስጥ በዚያው አልጋ ላይ ዐረፈች። አዲሱ ነፊ ነፋላት። ባንተይርጋ ከሰው ሁሉ በኋላ ኮፍያውን አውልቆ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሲከተል አየሁት።

ያን ቀን ግን፣ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት፣ ሰዓዳ ወረቀቷን አጥፋ ነዋሪዎቹን አየቻቸው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ» አለች፤ ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፣ የድካም ነበር። «ያኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ለምኛችሁ ነበር። እኔ ምን ባደርግ ኖሮ ትነግሩኝ ነበር?»

እትዬ ጌጤ መሬት መሬት ታያለች። ሸህ እንድሪስ ጥሩምባውን ብብታቸው ሥር አድርገው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ሁሉንም በዝግታ ተመለከቱና እንዲህ አሉ፦ «አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር ልጄ፤ ጓዳ አልቅሶ ሸንጎ የሚስቅ፣ እንባውን ዳኛ ከየት ይወቅ።»